ችሎት የሌለው ኤስ አቶርኒ፦ የኤጅዎርዝ ኢንቬስቲጌሽንስ ከወራት በኋላ

ኢንቬስቲጌሽንስ ሁለት የወንጀል ምርመራ ጌሞች በአንድ ጥቅል ነው። የመጀመሪያው ጌም አምስተኛና የመጨረሻ መዝገብ (የወንጀል ጉዳይ) ላይ ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ያለው ክርክር አላልቅ ይላል። ማስረጃ ስታቀርቡበት ሰውዬው ፈገግ ይላል። ሌላ ስትጨምሩ ያለመከሰስ መብቱን ይመዛል። እሱን ስትነጥቁት ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ያገኛል። ሙዚቃው ይጋጋላል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይጋጋላል። አበቃ ብላችሁ ወንበራችሁ ላይ ደገፍ ስትሉ አዲስ የምስክርነት ቃል ይከፈታል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ይህን ጌም ልግዛ ወይስ አልግዛ ለሚል ሰው ስለ ሥዕሉ ጥራት ከማውራቴ በፊት የማነሳው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ጌሙ ለእናንተ ይሁን አይሁን የሚለየው እዚሁ ጋ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ፦ ኤስ አቶርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓን ውስጥ ጌም ቦይ አድቫንስ በተባለው የእጅ መጫወቻ የተጀመረ የካፕኮም ኩባንያ ተከታታይ ጌም ነው። ጠበቃው ፊኒክስ ራይት ችሎት ቆሞ ምስክር እያፋጠጠ ደንበኛውን ነጻ ያወጣል። ኢንቬስቲጌሽንስ ቅርንጫፉ ነው። ባለታሪኩ የራይት ባላጋራ የነበረው ዓቃቤ ሕግ ማይልስ ኤጅዎርዝ ሲሆን፣ ሥራው ችሎት ውስጥ ሳይሆን ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው በ2009፣ ሁለተኛው በ2011 ለኔንቴንዶ ዲኤስ ወጡ። ሁለተኛው ግን ከጃፓን ውጭ ለሽያጭ ሳይቀርብ ቆይቶ፣ ሁለቱ በአንድ ጥቅል፣ ሁለተኛውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከይፋዊ እንግሊዝኛ ጋር፣ መስከረም 2024 ላይ መጡ። ለስዊች፣ ለፕሌይስቴሽን 4፣ ለኤክስቦክስ ዋንና በስቲም (የኢንተርኔት ጌም መደብር) ለኮምፒውተር አለ። ሲወጣ ዋጋው 40 ዶላር ነበር።

ልዩነቱን በእኛው ቋንቋ ላስቀምጠው። ዋናው ኤስ አቶርኒ በልሃ ልበልሃ ነው፦ ዳኛ አለ፣ ታዳሚ አለ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው በአንደበት ይፋለማሉ፣ ነገሩም በፍርድ ይቆረጣል። ኢንቬስቲጌሽንስ ደግሞ አውጫጭኝ ነው፦ ሁሉም እዚያው ቦታው ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሁለቱ ደስታ አንድ አይደለም። በልሃ ልበልሃን የሚወድ ሰው አውጫጭኝ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጎድልበት ዳኛው ነው።

የመዝገብ አምስት በሽታም ከዚሁ ይመነጫል። በዋናው ጌም ችሎቱ ቢበዛ 3 ቀን ነው። ዳኛው «በቂ ሰምቻለሁ» ብሎ ሊያቋርጥ ይችላል፣ ዕረፍት አለ፣ የመጨረሻው ማስረጃ ከቀረበ ብይን ይሰጣል። የክርክሩን ርዝመት የሚገድበው ከሁለቱ ወገኖች ውጭ ያለ ሰው ነው። እዚህ ግን ተጠርጣሪው በቃኝ እስኪል ድረስ የሚያቆመው የለም። ጸሐፊዎቹ አንድ ቀዳዳ በከፈቱ ቁጥር ትዕይንቱ በአንድ ዙር ይረዝማል። አራተኛው መዝገብ ድረስ ይህ አይሰማም፤ መዝገቦቹ አጫጭር ናቸውና። አምስተኛው ላይ ግን ጉንጭ አልፋ ክርክር ይሆናል።

እዚህ ላይ ሻጩ ጣልቃ ይገባል። «ሁለት ጌም በአንድ ዋጋ! አሥር መዝገብ! ከ40 ሰዓት በላይ ጨዋታ!» ልክ ነው፣ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ከ40 ያልፋል። ግን ጌታዬ፣ ሰዓት በኪሎ አይሸጥም። ከዚያ ሰዓት ውስጥ ስንቱ አስቀድማችሁ ያወቃችሁትን ነገር ኤጅዎርዝ እስኪደርስበት የምትጠብቁበት እንደሆነ ማን ይቆጥራል? «ከዋናው ጌም ጋር አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ደግሞ ይብሳል። አይደለም። «እቃወማለሁ!» ብሎ ጣት መቀሰሩ አንድ ነው፣ ሌላው ሌላ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ኤጅዎርዝን በእግር ታንቀሳቅሱታላችሁ፣ ዕቃ ታስመረምሩታላችሁ፣ አጠራጣሪ ነጥብ ላይ ጠቋሚውን አስቀምጣችሁ የሚጋጨውን ማስረጃ ትመርጣላችሁ። ይህ ክፍል ጥሩ ነው። ሁለተኛው መዝገብ ላይ፣ አውሮፕላን ውስጥ፣ መናወጥ ሲመጣ ኤጅዎርዝ ራሱን ይስታል፤ ሲነቃ አሳንሰሩ ይከፈትና ሬሳ አለ፤ አስተናጋጇ የምታየው እሱን ነው። ዓቃቤ ሕጉ ራሱ ተጠርጣሪ ሆኖ፣ ከአውሮፕላኑ መውጣት በማይቻልበት፣ ወለሉንና ዕቃውን እየመረመረ ንጽሕናውን ያስረዳል። ቅርንጫፉ ለምን እንደተፈጠረ የሚገባችሁ እዚያ ነው፤ ችሎት ቢኖር ኖሮ ይህ መዝገብ አይሠራም ነበር።

ደካማው ክፍል ሎጂክ የሚባለው ነው። ኤጅዎርዝ በምርመራ ወቅት የሚያስባቸው ነገሮች በአጭር ሐረግ ይቀመጣሉ፣ ሁለቱን ታገናኛላችሁ፣ ትክክል ከሆነ አዲስ ፍንጭ ይወለዳል፣ ከተሳሳታችሁ የእውነት መለኪያው (ስህተታችሁን የሚቆጥረው መስመር) ይቀንሳል። ሲሰሙት ያጓጓል። ነገር ግን ሦስት ሐሳብ ብቻ ሲኖር የሚቻሉት ጥንዶች 3 ናቸው፣ አራት ሲሆኑ 6። ማሰብ ሳያስፈልግ በግምት ይገኛል፤ መለኪያው ቢቀንስ እንኳ ቀድሞ ሴቭ ያደረገ ሰው ምንም አይጎዳም። እንቆቅልሽ ፈላጊ ከሆናችሁ እዚህ ረሃባችሁ አይወጣም።

ክርክሩ ላይ ግን አንድ ልማድ ያዙ፦ ማስረጃ ከማቅረባችሁ በፊት የምስክሩን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አፋጥጡ። ማፋጠጥ ብዙ ጊዜ አያስቀጣም፣ ቃሉን ግን ሊለውጠው ወይም አዲስ ዓረፍተ ነገር ሊያስጨምር ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግጭቱን በደንብ አውቆ፣ ዓረፍተ ነገሩ ገና ሳይሻሻል ማስረጃውን ስለሚወረውር ነው። የወጣቷ ሌባ የኬይ ፋራዴይ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ትዕይንቱን በብርሃን መልሶ የሚያሳየው የሰጣችሁትን መረጃ ብቻ ይዞ ነው፤ ጉድለቱን የምትፈልጉት እውነተኛው ቦታ ላይ ሳይሆን እሱ በሳለው ላይ ነው።

መዝገብ አምስት ያበሳጨኝን ያህል የካሰኝ የሁለተኛው ጌም ቼዝ ነው። አፉን የዘጋ ሰው ሲያጋጥመው ኤጅዎርዝ ንግግሩን በልቡ እንደ ቼዝ ሰሌዳ ያየዋል። ከላይ ሰዓት ይቆጥራል። በየዙሩ ምርጫችሁ ወይ መናገር ወይ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ የተሳሳተ ምርጫ ሰዓት ይበላል። ቁልፉ የተቃራኒውን ጠባይ ማንበብ ነው። ጉረኛው ዝም ስትሉት ራሱ ይዘከዝካል፤ የሚያመነታውን ደግሞ አፍታ ሳትሰጡ መግፋት ያስፈልጋል። ፍንጭ ካገኛችሁ በኋላ ወደ ቀደመው ጥያቄ ተመልሳችሁ በዚያው ፍንጭ ትመቱታላችሁ። ሰዓት አለና በግምት መሄድ ያከስራል። ሎጂክ ላይ የጎደለው ውጥረት ሁሉ እዚህ አለ። ከዚህ በላይ፣ ሁለተኛው ጌም አምስቱን መዝገቦች በአንድ ክር የሰፋበት መንገድ የመጀመሪያውን በሙሉ ያስረሳል። የዘገየው 13 ዓመት ያስቆጫል።

ቀሪውን በአጭሩ። ሥዕሉ አዲስ ነው፣ የድሮውን ፒክስል ከፈለጋችሁ ከማስተካከያው ትመልሱታላችሁ። እንደ «እቃወማለሁ!» ካሉ ጩኸቶች በቀር በድምፅ የተቀዳ ንግግር የለም፤ ሁሉም ንባብ ነው፣ እንግሊዝኛውም በስም ቀልድ የተሞላ ነው፤ ቀልዱ ካልገባችሁ ግማሹ ጨው ይጠፋል። የኤጅዎርዝ ረዳት መርማሪ ገምሹ ደመወዙ በተቀነሰ ቁጥር ግን ቋንቋ ሳይጠይቅ ያስቃል። የሁለተኛውን ጌም የቀድሞ የአድናቂዎች ትርጉም የተጫወተ ሰው አንዳንድ ገጸ ባሕርያት ስማቸው ተለውጦ ቢያገኝ አይደናገጥ።

ዋናውን የ2001 ጌም፣ በተለይ አራተኛ መዝገቡን፣ ሳትጫወቱ ወደዚህ አትምጡ። የኤጅዎርዝ የአባቱ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። የሁለተኛው ጌም ሦስተኛ መዝገብ አባቱን ራሱን እንድትጫወቱ ያደርጋል፤ ያንን ታሪክ ለማያውቅ ሰው አንድ የቆየ የግድያ ፋይል ብቻ ነው።

ለመወሰን ሻጩን አትስሙ። ስቲም ላይ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁና ከገዛችሁ 14 ቀን ካልሞላ ገንዘባችሁ ይመለሳል። መዝገቦቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ክፍት ናቸው። ስለዚህ ያንን ጊዜ መግቢያው መዝገብ ላይ አታባክኑ፤ 2 ሰዓት ሳይሞላችሁ ግማሹን አውሮፕላኑ ላይ፣ ግማሹን የሁለተኛው ጌም የመጀመሪያ መዝገብ ላይ አውሉ፤ ቼዙ እዚያው ይመጣል። አውሮፕላኑ ላይ ዳኛው ከናፈቃችሁ መልሱት። ካልናፈቃችሁ ያዙት፣ መዝገብ አምስት ላይ ትዕግሥታችሁ ሲያልቅ ደግሞ እንቆቅልሹን ራሱ የሚፈታውን የታሪክ ሁነታ አብሩና ሻይ አፍሉ።