ከማትፕሎትሊብ ጋር ስምንት ወር፦ ጦሳ ጉድጓድ የመሰለበት ቀን

ደሴ ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ። የሁለት ተለዋዋጭ ፋንክሽንን ተማሪዎቼ በሚያውቁት መሬት ላይ ላሳያቸው ብዬ፣ ኢንደቨር የተባለው የጠፈር መንኮራኩር እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2000 በራዳር ከለካው የከፍታ መረጃ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያካትት 20 ኪሎ ሜትር በ20 የሚሆን ቁራጭ ወሰድኩ። መሳያዬ ማትፕሎትሊብ ነው፤ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግራፍ የሚሣልበት ሶፍትዌር። ነጻ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ባለ ሦስት አውታሩ ሥዕል መጀመሪያ የሚወጣው አንድ ወጥ ሰማያዊ ሆኖ ነው። የቀለም ካርታ (ለየከፍታው የራሱን ቀለም የሚሰጥ ቅደም ተከተል) አልብሰው ካላሉት ተራራውን ከሸለቆው የሚለየው ጥላ ብቻ ነው። እኔም ከሰማያዊ በቢጫ አልፎ ቀይ የሚደርሰውን፣ ጄት የተባለውን የቀለም ካርታ መረጥኩ። ስክሪኑ ላይ እጅግ አማረ። ፒያሳ ወርጄ አርባ ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስነሣሁ።

በማግስቱ አንዲት ተማሪ ጣቷን ጦሳ ተራራ ላይ አድርጋ «ይህ ጉድጓድ ነው እንዴ፣ መምህር?» አለችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳየው እውነቷን ነው። የጄት ሁለቱ ጫፎች፣ ጥልቁ ሰማያዊና ጥልቁ ቀይ፣ ሁለቱም ጨለማ ናቸው፤ የሚደምቀው መሃሉ ነው። ቀለሙ በፎቶ ኮፒው ሲጠፋ የጦሳ አናትና የቦርከና ሸለቆ እኩል ጠቆሩ፤ በመካከለኛ ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ ብቻ ነጣ ብላ ቀረች። ልጆቹን በገዛ አገራቸው ላይ አሳሳትኳቸው ብዬ በጣም አዘንኩ።

ያን ቀን ማታ ቪሪዲስ ወደተባለው የቀለም ካርታ ዞርኩ። ከጥቁር ወይን ጠጅ ተነሥቶ በአረንጓዴ በኩል ቢጫ እስኪደርስ ድምቀቱ ሳይዋዥቅ ይጨምራል፤ በፎቶ ኮፒም ዝቅተኛው ጨለማ፣ ከፍተኛው ብሩህ እንደሆነ ይቆያል። ማትፕሎትሊብ በጎርጎርዮሳውያኑ 2017 ሁለተኛ እትሙን ሲያወጣ ጄትን ከነባሪነት (ሌላ ካልተመረጠ በራሱ ከሚሠራው ምርጫነት) አውርዶ ቪሪዲስን የተካበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቅሬታም አለኝ። ትንንሾቹ ሸለቆዎች ከሥዕሉ ጠፍተውብኝ ስሕተቱን ከመረጃው ስፈልግ ሁለት ምሽት አለቀ። ለካ ሶፍትዌሩ ካልነገሩት በቀር ከየአቅጣጫው ቢበዛ 50 ናሙና ብቻ ይወስዳል፤ የእኔ መረጃ ደግሞ በየአቅጣጫው ከ600 በላይ ነጥብ አለው። ቁጥሩን ወደ 200 ሳሳድገው ሸለቆዎቹ ተመለሱ፤ አሮጌው ላፕቶፔ ግን ሥዕሉን በማውስ ሳዞር ይንተፋተፋል። ስለዚህ ከተለያየ ማዕዘን አስቀድሜ አስቀምጬ ክፍል እገባለሁ።

ቀለሙ ከፍታውን ሳይሆን ተዳፋቱን እንዲያሳይ ሲፈለግ ሥራው ይበዛል። ኦክታቭ በተባለው ሌላ የሂሳብ ሶፍትዌር የቀለሙን ዋጋዎች የያዘ አራተኛ ማትሪክስ መጨመር ይበቃል። በማትፕሎትሊብ ግን ዋጋዎቹን ከ0 እስከ 1 አምጥቶ፣ ወደ ቀለም ቀይሮ፣ የቀለም መለኪያውንም ለብቻ መሥራት ግድ ነው። ያም ሆኖ ደከመኝ አልልም። የተዳፋቱን ሥዕል ባለፈው ሳምንት ሳድል፣ ከኮምቦልቻ የሚመላለሱት ልጆች ማንም ሳይነግራቸው የሐረጎን ዳገት በጣታቸው እየተከተሉ «ታክሲው የሚያቃስተው እዚህ ጋ ነው» ተባባሉ።