ኬኦ2 ኦል ቴሬን ጎማ በፕራዶ ላይ፦ ከሰመራ ሙቀት እስከ ሳነቴ ብርድ

በ2006 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር ፕራዶዬ ከሚጓዘው ርቀት ግማሽ ያህሉ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው አስፋልት ላይ ነው። የቀረው ደግሞ በኮረኮንች፣ በጥርጊያ መንገድና አልፎ አልፎም መንገድ ለማለት በሚያዳግት ዓለት ላይ ነው። የቀድሞው የአስፋልት ጎማ ጥርሱ በማለቁ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አምስት ቢ.ኤፍ. ጉድሪች ኦል ቴሬን (ለአስፋልትም ከአስፋልት ውጭም የሚሆን) ኬኦ2 ጎማዎች ገዝቼ አስገጠምሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ በጋና አንድ ክረምት አልፎባቸው ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለተጓዙ፣ ስለ ጠባያቸው በድፍረት መናገር የሚቻልበት ጊዜ የደረሰ ይመስለኛል።

ኦል ቴሬን ጎማ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጥርሱ ላይ ነው፤ ጥርሱ ሰፋና ጠለቅ ያለ ጎማ ጭቃ ውስጥ አያስቀርም ተብሎ ይታመናል። በአገራችን መንገዶች ላይ ግን ጎማን ያለ ዕድሜው የሚያስጥለው፣ ከጭቃው ይልቅ ስለታሙ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ጥርሱ ላይ የከፈተውን ቀዳዳ ማንኛውም ጎሚስታ ይደፍነዋል፤ ጎኑን የቀደደው እንደሆነ ግን ጎማው በዚያው አበቃለት። የጎማ ጎን ተሽከርካሪው በሄደ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ክፍል በመሆኑ ልጥፍ አይዝለትም፤ የያዘ መስሎ ቢታይ እንኳ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ማስለጠፉ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህም ምርጫዬን የጀመርሁት ከጎኑ ነበር።

በገበያው ካገኘኋቸው መካከል የብሪጅስቶን ዱለርና የዮኮሃማ ጂኦላንደር ኦል ቴሬን ጎማዎች ይገኙባቸዋል። ሁለቱም ስም ያላቸው ናቸው፤ በመኪናዬ የጎማ ልክ የቀረቡልኝ ግን ለቤት መኪና በሚሆን ቀለል ያለ አሠራር የተሠሩት ነበሩ። ኬኦ2ን የለየው በ265/65 አር 17 (ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች) የሚሠራው ለቀላል የጭነት መኪና በተወሰነው ደረጃ፣ ማለትም ከቁጥሩ ፊት «ኤልቲ» የሚሉት ፊደላት ተጽፈውበት መሆኑና ጎኑም በሦስት ድርብ ክር የተነጠፈ መሆኑ ነው። በላዩ የሚነበበው 120/117 ኤስ የሚለው ጽሑፍ አንዱ ጎማ 1,400 ኪሎ ግራም ሊሸከም፣ በሰዓትም እስከ 180 ኪሎ ሜትር ሊሄድ እንደተፈቀደለት ያመለክታል፤ ከመስመሩ በኋላ ያለው 117 በአንድ ወገን ጥንድ ሆነው ለሚገጠሙ ጎማዎች የሚያገለግል ስለሆነ እኛን አይመለከትም። ከፕራዶው ጋር የመጣው ባለ 112 ጎማ የሚሸከመው 1,120 ኪሎ ግራም ነው። መኪናው ሙሉ ጭኖ እንኳ ሦስት ቶን ስለማይደርስ፣ ይህ ትርፍ አቅም ለጭነት ብዬ የፈለግሁት አይደለም፤ ገንዘቤን ያወጣሁት አቅሙን ለማስገኘት ሲባል ለወፈረው ግድግዳ ነው። ከቀለበት መንገድ ወጥቶ የማያውቅ መኪና ላይ ይህንኑ ደረጃ ያስገጠሙ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ከመንገጫገጭ በቀር ምን እንዳተረፉ አልገባኝም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ወደ 265/70 ከፍ እንድል መክረውኝ ነበር። ያ ቁጥር ጎማውን በ26 ሚሊ ሜትር ያህል ያስረዝመዋል፤ መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው ግን የዚህን ግማሽ፣ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 103 ከፍ ይላል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝም ጎማው ፓራፋንጎውን መንካቱ ያሰጋል። ለአንድ ጣት ከፍታ ይህን ሁሉ መቀበል አልታየኝም።

ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የጎማ ዋጋ አንድ ቦታ ስለማይረጋ፣ የከፈልሁትን ብጽፍ ለአንባቢ የሚጠቅመው ነገር የለም። ይልቅ ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጎማው የተሠራበት ጊዜ ነው። ከጎኑ በሞላላ ክበብ ውስጥ አራት አኃዞች ታትመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ዓመቱም የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ከገባሁባቸው ሱቆች በአንዱ 3516 የተባለ ማኅተም ያለበትን ጎማ ሻጩ እያሳየኝ «ያውና፣ የ16 ነው፤ የአምና ዕቃ ነው» አለኝ። ማኅተሙ የሚናገረው የ2016 እ.ኤ.አ. 35ኛ ሳምንትን፣ ማለትም ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የአምና የተባለው ጎማ ስምንት ዓመት መጋዘን የከረመ ነበር። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል፤ ጥርሱ እንዳለ ሆኖ በጥርሶቹ ሥርና በጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። እኔ የገዛኋቸው 1024 የሚል ማኅተም ያላቸው፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የተሠሩ ናቸው። የኬኦ2 ተተኪ የሆነው ኬኦ3 በ2024 እ.ኤ.አ. ስለወጣ፣ ከእንግዲህ ኬኦ2 የሚገዛ ሰው ይህን ማኅተም ሳያይ ገንዘብ ባይቆጥር ይሻላል።

በአስፋልት ላይ የሚታየው ለውጥ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ከ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ ዝግ ያለ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይሰማል፤ በከተማ ውስጥ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችን ሲሻገር መኪናው ከቀድሞው ይልቅ ይደነድናል፤ ጎማው ከባድ በመሆኑም አነሣሡ ዘገም ብሏል፤ በመቶ ኪሎ ሜትርም አንድ ሊትር ያህል ናፍጣ ጨምሯል። እነዚህ በደረቅ ግድግዳና በትልልቅ ጥርስ የሚሠሩ ጎማዎች ሁሉ የሚጋሯቸው ጠባያት ስለሆኑ አስቀድሜ የጠበቅኋቸው ናቸው። ከበድ አድርጌ የምጠቅሰው የርጥብ አስፋልትን ጉዳይ ነው። የበጋው አቧራና ዘይት ገና ሳይታጠብ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ በተለይ ከእንጦጦ በሚወርዱት ቁልቁለቶች ላይ፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ከአስፋልት ጎማው ዘመን ራቅ ብሎ ይቆማል። ትልልቅ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት መሬት የሚነካውን ላስቲክ ስለሚቀንሰው ከፊት ካለው መኪና የሚጠበቀውን ርቀት መጨመር ግድ ይላል። በጎኑ ላይ ያለው የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ከባድ የበረዶ ፈተና ማለፉን የሚመሰክር ቢሆንም፣ በእኛ ሰኔ ላይ ምንም ምስክርነት የለውም።

ጎማው ዋጋውን የሚያወጣው ኮረኮንች ላይ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ካለፈ በኋላ በሐረና ጫካ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ላይኛው ክፍል ጠጠር፣ ታችኛው ደግሞ ጥላ የማይለየው ቀይ አፈር ስለሆነ፣ አንድን ጎማ በግማሽ ቀን ውስጥ በሁለት ዓይነት መሬት ለመፈተን አመቺ ነው። በጠጠሩ ላይ የቀድሞው ጎማ በየጠመዝማዛው ወደ ውጭ ይንሸራተት ነበር፤ ኬኦ2 ግን መሪው ወደታዘዘበት ይሄዳል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝም መሬቱን ይነክሳል። በቀዩ አፈር ላይም ዝናቡ ካባራ ጥቂት ከቆየ አይቸገርም። በጥርሶቹ መካከል፣ ከታች ወለሉ ላይ፣ ጠጠር ተቀርቅሮ እንዳይቀር የሚገፉ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። አብዛኛውን ጠጠር ያስፈነጥሩታል፤ ባቄላ የሚያህለው ሹል ጠጠር ግን አንዳንዴ ስለሚያመልጣቸው፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ በካቻቢቴ መልቀም የቤት ሥራዬ ሆኗል።

ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ የሚያስጠጋው የቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት የጎኑን ፈተና የምጠብቅበት ቦታ ነበር። ዓለቱ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ነው፤ ጎማው ተንሸራትቶ ከአንዱ ጠርዝ ላይ ሲወርድ የሚጋጠው ጥርሱ ሳይሆን ከጥርሱ በላይ ያለው ትከሻው ነው። ኬኦ2 በዚያ በኩል ከጎኑ ወጣ ወጣ ያሉ ወፋፍራም ጉብታዎች አሉት። ከጉዞው በኋላ የኋላውን ግራ ጎማ አጥቤ ስመለከተው፣ ሁለት ጉብታዎች ላይ ሌባ ጣቴን የሚያክል የተላጠ ጠባሳ አገኘሁ። የላስቲኩ ጠርዝ ተነሥቶ በጥፍር ይያዛል፤ ውስጡን ገልጬ ስመረምረው ግን ክሩ ጋ አልደረሰም፤ ነፋስም አልቀነሰም። ያ ጠባሳ በቀጭኑ ግድግዳ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። በአፋር ሜዳ የገጠመኝ ብቸኛ ቀዳዳ ከግራር እሾህ የመጣ ሲሆን፣ እሱም ጥርሱ መካከል ስለነበረ ጎማውን ከቸርኬው ሳያወጡ በወስፌና በሙጫማ ገመድ ተደፍኖ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ስለ ጥቁር አፈር ግን ማንም አይታለል። በቾ ሜዳ ላይ ክረምት ሲገባ ዋልካው በሁለት ዙር ውስጥ ጥርሱን ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ኦል ቴሬን ይሁን የአስፋልት ጎማ የሚለይ ነገር የለም፣ አራቱም ጎማዎች በጭቃ የተለሰኑ ድቡልቡል ነገሮች ይሆናሉ። የጭቃ ጎማ የሚባለው ጥርሱ እጅግ የተራራቀ ስለሆነ ጭቃውን የመጣል ዕድል አለው፤ ቢሆንም በቀሪዎቹ ወራት አስፋልት ላይ የሚያስከፍለው ጩኸትና ቶሎ ማለቅ ለእንደ እኔ ያለ ነጂ አያዋጣም። የአካባቢው ሰው እንደሚያደርገው ፀሐይ ወጥታ ላዩ እስኪጠነክር መጠበቅ ከሁሉም ይረክሳል።

በመኪናዬ በር ላይ የተለጠፈው የነፋስ መጠን 29 ፒኤስአይ ነው። ይህ ለቀላሉ ጎማ የተለካ ስለሆነ፣ የኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እኔ ለአስፋልት 36፣ ለረጅም ኮረኮንች 28 አካባቢ አደርገዋለሁ። ጎማው 29 ተነፍቶ በአስፋልት ሲሮጥ ትከሻው ቶሎ ይሞቃል፣ ጠርዝ ጠርዙም ይበላል። ወደ ቆላ ሲወረድ «ሙቀቱ እንዳያፈነዳው ነፋስ ቀንስ» የሚለው ምክር ደግሞ በልኬት ሲታይ ግማሽ እውነት ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲስ አበባ ወደ 430 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሰመራ ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት በ3 ፒኤስአይ ያህል ስለሚጨምር መለኪያው ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፤ የሙቀቱ መጨመር ደግሞ ሁለት ሦስት ይመልስለታል። ሰመራ ላይ በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ስለካው አዲስ አበባ ከሞላሁት እምብዛም የማይለየው ለዚህ ነው። ሳነቴ ላይ ደግሞ ከፍታው የመለኪያውን ንባብ ይጨምረዋል፣ ብርዱ ይቀንሰዋል፤ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ነፋስ የምቀንሰው መሬቱን አይቼ እንጂ የአገሩን ሙቀት ሰምቼ አይደለም፤ ተነድቶ የሞቀ ጎማም አላስተነፍስም።

የጥርሱ ጥልቀት አዲስ ሳለ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፤ አሁን 10 ገደማ ሆኖ አራቱም ላይ ተቀራራቢ ነው። ለዚህ መመጣጠን ምክንያቱ ስኮርቱም፣ ማለትም መጠባበቂያው አምስተኛ ጎማ፣ ተራ እየገባ በየጊዜው ቦታ መለዋወጣቸው ነው። የፕራዶው አራቱም ጎማዎች ዘወትር ኃይል ስለሚቀበሉ፣ ሦስት ያለቁና አንድ አዲስ ጎማ አብረው ሲዞሩ የፊቶቹና የኋላዎቹ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ በሚያስችለው በመካከለኛው ዲፈረንሻል ላይ የማያቋርጥ ሥራ ይጭናሉ። አምስተኛውን ጎማ ከሌላ ዓይነት ገዝቶ ገንዘብ ማዳን የማይመከረውም ለዚሁ ነው። በኔ መኪና ስኮርቱ የሚሰቀለው ከኋላው በር ላይ ነው። ክብደቱ በመጨመሩ በሩ በኮረኮንች ሲንቀጠቀጥ ማጠፊያው ላልቶ ስለነበረ መካኒክ አጥብቆታል። ዳግመኛ ከላላ ስኮርቱን ጣሪያ ላይ ወዳለው የዕቃ መጫኛ አወጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ብቻዬን የማወርደው አይመስለኝም።