የኡራኒያ መስታወት፦ የኮከብ ካርዶቹ ዳግም እትም ሲገመገም

«የኡራኒያ መስታወት» እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ አጋማሽ በለንደን የታተመ፣ ሲድኒ ሆል የቀረጻቸውን 32 የኮከብ ካርዶች የያዘ ሥራ ሲሆን፣ እዚህ የምገመግመው በዘመናችን የወጣውን ዳግም እትም ነው። የካርዶቹ ብልሃት ያለው በቀዳዳዎቻቸው ላይ ነው፤ በየዋና ዋናው ኮከብ ቦታ እንደ ድምቀቱ የሰፋ ወይም የጠበበ ቀዳዳ ስላለ፣ ካርዱ ወደ ብርሃን ሲያዝ በላዩ የተሣለው የአፈ ታሪክ ጀግና ወይም አውሬ ደብዝዞ በሰማይ ላይ የሚፈለገው የከዋክብት አቀማመጥ ጎልቶ ይወጣል።

እኔን ይበልጥ የማረኩኝ በግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥና ንግሥት የተባሉት ሴፌዎስና ካሲዮፔያ፣ እንዲሁም በሰንሰለት የታሰረችው ልጃቸው አንድሮሜዳ ናቸው (የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከዛሬዋ አገራችን ጋር ሙሉ በሙሉ እንደማይገጥም ሳይዘነጋ)። የካሲዮፔያን ካርድ በሚገባ ያጠና ሰው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ያሉ ምሽቶች ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ቢመለከት አምስቱን ደማቅ ከዋክብቷን ለመለየት አይቸገርም።

ሆኖም ካርዶቹ የተዘጋጁት ከብሪታንያ ለሚታየው ሰማይ በመሆኑ፣ ከእኛ ዘንድ በግልጽ የሚታየው የደቡብ መስቀል የተባለው የከዋክብት ምድብ አልተካተተም፤ በአንጻሩ ዛሬ ከታወቁት 88 የከዋክብት ምድቦች ውስጥ የሌለችው ድመት በአንዱ ካርድ ላይ ተሥላለች። በገዛሁት ቅጂ አንዳንድ ትናንሽ ቀዳዳዎች በደንብ አልተበሱም፤ ይህ ለዋጋው የማይመጥን ግድፈት ነው። ሥዕሎቹን ብቻ የሚፈልግ ሰው በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ሊያያቸው ስለሚችል፣ ጥቅሉን መግዛት የሚያዋጣው ለቀዳዳዎቹ ሲባል ነው።