ቀይ ምልክት አሳይቶ «ተጠልፋችኋል» ለሚላችሁ ሰው አትክፈሉ

ሰሞኑን ጓደኛዬ ላይ የደረሰው እናንተም ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው። ስክሪኗ ላይ «ኮምፒውተርዎ ተጠልፏል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል መልእክት ወጣ። ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰውዬ በሪሞት (ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት) ኮምፒውተሯ ውስጥ ገብቶ ኢቨንት ቪወርን፣ ማለትም ዊንዶውስ የመዘገባቸው ክስተቶች የሚታዩበትን ፕሮግራም፣ ከፈተና በቀይና በቢጫ የተሞላ ዝርዝር አሳያት። «ይሄ ሁሉ ቫይረስ ነው» አላት። ከፈለች። እሱም «አጸዳሁልሽ» ብሎ ሎጉን (መዝገቡን) በሙሉ አጠፋው።

እውነቱ ይሄ ነው። የማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር ይዞ አይመጣም። ቀይ ምልክት ደግሞ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይም ሞልቷል። አንድ ፕሮግራም ሳይነሳ ሲቀር ወይም ኔትዎርክ ሲቋረጥ ይመዘገባል፤ በቃ።

በጣም ያናደደኝ የሎጉ መጥፋት ነው። ሰውየው ምን እንዳደረገና ምን ትቶ እንደሄደ የሚናገረው ሎጉ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ማየት ያለባችሁ መስመሮች ቀይ ሆነው አይመጡም። ኢቨንት ቪወር ላይ እያንዳንዱ መስመር የክስተቱን ዓይነት የሚናገር ቁጥር አለው። ሴኪዩሪቲ የሚለው ክፍል ውስጥ 4625 ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ነው፣ 4624 የተሳካ። 4624 በጤናማ ቀንም ስለሚበዛ ብዛቱ አያስደንግጣችሁ። ብዙ 4625 ተደርድሮ በመጨረሻ በሪሞት የተገባበት 4624 ከመጣ ግን አንድ ሰው ፓስወርዳችሁን ሲሞክር ቆይቶ አግኝቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። 4720 አዲስ አካውንት ተከፈተ ይላል። ሲስተም የሚለው ውስጥ 7045 አዲስ ሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም) ተጫነ ማለት ነው። የሴኪዩሪቲ ሎግ ሲጠፋ ደግሞ 1102 ተመዝግቦ ይቀራል። አጥፊው ራሱ አሻራውን ይተዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ከዚያ ሎጉን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። አትዘግዩ፤ የሴኪዩሪቲ ሎግ ብዙውን ጊዜ 20 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሲሞላ አዲሱ አሮጌውን ይደመስሳል። ንጹሕ ሎግ ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። የአድሚን (ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ የማዘዝ) መብት ያገኘ ሰው ሊነካካው ይችላል።

እዚህ ጋ ባክአፕ (ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁት የኮምፒውተራችሁ ቅጂ) ይጠቅማል። ግን የባክአፑን ዲስክ የተጠረጠረው ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኩ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ካለ እሱንም ይቆልፈዋል። በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ክፈቱት። በድሮው ባክአፕ ያልነበረ፣ በቅርቡ የመጣ ፕሮግራም አለ? ከመቼ ጀምሮ? ያ ቀን ከሎጉ ጋር ከገጠመ የትኛው ባክአፕ እንደሚታመን ታውቃላችሁ።

«ፎርማት እናድርገውና ይለቅ» የሚል፣ ማለትም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ልደምስሰው የሚል ባለሙያም ያጋጥማችኋል። ፎርማቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ሎጉንና ፋይሎቹን ሳይገለብጥ ከጀመረ ግን አስቁሙት።

ከከፈላችሁ ዛሬውኑ ባንካችሁ ጋ ደውሉ። ፓስወርዶቻችሁን ከሌላ መሣሪያ ቀይሩ። በዚያው ኮምፒውተር ከቀየራችሁት አዲሱንም የሚያይ ሊኖር ይችላል።