የፈረስ ቅልጥም ሲሰበር፦ ብሎን ወይስ ጀሶ?

አዳማ ላይ የጋሪ ፈረስ እግሩ ተሰበረ ማለት ብዙ ጊዜ አለቀለት ማለት ነው። ከጉልበት በታች ለሚደርስ ስብራት ግን ሁለት የቀዶ ሕክምና መንገድ አለ።

አንዱ አጥንቱን በብረትና በብሎን ማሰር ነው። ስብራቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ቆዳውም ካልተቀደደ፣ እሱን የሚያህል የለም። ፈረሱ ቶሎ እግሩን ይረግጣል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሦስት እግሩ የከረመ ፈረስ ክብደቱ ደህናው እግር ላይ ስለሚያርፍ፣ የዚያኛው ሰኮና ታምሞ ሊገድለው ይችላል። ችግሩ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሥጋ የለም፤ ቆዳና ጅማት ብቻ። ቁስሉ ካመረቀዘ ብረቱም አይረባም።

ሌላው፣ ከስብራቱ በላይ ባለው ጤነኛ አጥንት የብረት ዘንጎች አሻግሮ እስከ ሰኮናው ድረስ ጀሶ ማድረግ ነው። ክብደቱ በዘንጎቹ በኩል ወደ ጀሶው ያልፋል። አጥንቱ ለደቀቀ ፈረስ እኔ ይሄን እመርጣለሁ፤ ብሎን የሚይዝበት ቦታ የለማ! ግን ዘንጎቹ በሳምንታት ውስጥ ይላላሉ፤ አጥንቱም በቀዳዳው በኩል ሊሰበር ይችላል።

ሁለቱም ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋሉ። ፈረስ ደግሞ ሲነቃ ደንግጦ ነው የሚነሳው፤ የተጠገነውን እዚያው የሚሰብር አለ።

ባለጋሪው የትኛውንም ቢያስብ፣ እግሩን በእንጨት ደግፎ ሳያስር ፈረሱን መኪና ላይ አይጫን።