ለልጄ የአምስተኛ ክፍል መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ሰሞኑን ልጄ የቤት ሥራዋን ጨርሳ «ሌላ የለም?» ስትል ግን ከዚህ በላይ ዝም ማለት አቃተኝ። እውነቴን ነው፣ ሌላ የለም ወይ አለች! አምናን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አምና ባይነሳ ይሻል ነበር። ግን ላንሳው። በነበረችበት ቦታ የቤት ሥራ ማለት የገጽ ብዛት ነው። ከዚህ እስከዚህ ሥሪ፣ ጥያቄውን ከነመልሱ ገልብጪ፣ በቃ። ማታ ዓይኗ እየተከደነ ትጽፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ትላለች። ደብተሩ ሲመለስ ያለው ቀይ ኤክስ ብቻ። ለምን እንደተሳሳተች የሚነግራት የለም። ሄደን ስንጠይቅ «ልጃችሁ ትኩረት የላትም» ተባልን። አስጠኚ ቀጠርን፣ እሱ ደግሞ ባሰ። መልሱን ራሱ ይሠራል፣ እሷ ትገለብጣለች። ደብተሩ በራይት ተሞላ፣ ፈተና ሲመጣ ባዶ። ለዚህም ተከፍሎበታል እንግዲህ!

ዘንድሮ እኚህ መምህርት ደረሱልን።

ሰኞ ሰኞ አንዲት ገጽ ወረቀት ይልካሉ። ሳምንቱን ምን እንደሚማሩ፣ በየትኛው ቀን ምን የቤት ሥራ እንዳለ፣ ዓርብ ምን እንደሚጠየቁ ተጽፎበታል። በዚህ ሳምንት በሒሳብ ክፍልፋይ መደመር፣ በሳይንስ የውሃ ዑደት፣ በቋንቋ አንድ ታሪክ አንብቦ በራስ አባባል ማሳጠር ነበር። ዓርብ የቤት ሥራ የለም። በሌላው ቀን ደግሞ 50 ደቂቃ ካለፈ «አስቁሟትና የት እንደደረሰች ጻፉልኝ» ይላሉ። በየክፍሉ 10 ደቂቃ እየተጨመረ የሚሄድ ስሌት አለ አሉ፤ አምስተኛ ክፍል ስትደርስ 50 ይሆናል። አምና ይህን የነገረን ማን ነበር?

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ልጄ 1/2 ሲደመር 1/3 ተብላ 2/5 ብላ ጻፈች። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምራ ማለት ነው። አምና ቢሆን ኤክስ ነበር። ቲቸር ግን ከጎኑ በእርሳስ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ጻፉ። ሌላ ምንም የለም። ልጅቷ ደብተሩ ላይ አፍጥጣ ቆየች። ከዚያ ወረቀት አምጥታ መቁረጥ ጀመረች። «እንዴ! ግማሽ ላይ ጨምሬ እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ብላ ጮኸች። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ወረቀት 6 ቦታ አሳጠፏቸው። ግማሹ 3 ክፍል፣ ሲሶው 2 ክፍል፣ አንድ ላይ 5/6። የጋራ ታህት ምናምን የሚሉት ነገር እኔን ድሮም አልገባኝም፣ አሁንም ብዙ አልገባኝም። እሷ ግን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ።

እኔ በሒሳብ ስሰደብ ነው ያደግኩት። ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ኖራውን እንደያዝኩ የሳቁብኝ ልጆች ድምፅ ዛሬም አይጠፋኝም። ስለዚህ ያቺ በእርሳስ የተጻፈች ጥያቄ ለእኔም የተጻፈች መሰለኝ።

የሳይንሱንም ልንገራችሁ። ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን፣ ከላዩ ፕላስቲክ። ፕላስቲኩ ከውስጥ ጠብታ ሲይዝ «ይኸው ደመና!» እያለች ቤቱን ሁሉ ጠራች። ከዚያ በኋላ የሳህን ክዳን ሁሉ እየተገለበጠ ይመረመራል፤ ምን ይደረጋል።

አንዳንድ ወላጅ «የቤት ሥራ አያበዙም» እያለ ሲያማቸው እሰማለሁ። እባካችሁ ተዉ። ደብተሩን ገልጣችሁ እዩ። እያንዳንዷ ስህተት አጠገብ አንድ መስመር አለች፣ ለዚያችው ልጅ የተጻፈች። በዚያ ሁሉ ተማሪ መሃል መቼ እንደሚደርሱበት እንጃ። ልጃችሁ እሳቸው ጋ ከተመደበ ክፍል ይቀየርልን እንዳትሉ፣ አደራ!

ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጄን መልሰው ሰጡኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ልጆች ሰብስበው ያስጠናሉ። የቤት ሥራ ግን አይሠሩላቸውም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ቦታው ብዙ አይደለምና ቶሎ በሉ።