ባለ 8 ሚሊሜትሩ የፖሊሽ ማሽን፦ ክረምትና በጋ ከሠራሁበት በኋላ

ጥቁር መኪና የያዘ ሰው ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታየውን ያውቃል። ኮፈኑ በሙሉ ክብ ክብ በሠሩ ቀጫጭን ጭረቶች ይሞላል። አዲስ አበባ ውስጥ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ የሚያስረክበን አይጠፋም። ላቫጆም ቢሆን ጎማ ያሸበት ስፖንጅ ኮፈኑ ላይ ይወጣል።

እነዚህን ጭረቶች የሚያጠፋውን የፖሊሽ ማሽን ዘመድ ከዱባይ ነው ያመጣልኝ። መብራቱ ከእኛው 220 ጋር ስለሚስማማ ሶኬቱን ብቻ በአዳፕተር አስተካከልኩ። ከአሜሪካ ልታስመጡ ካሰባችሁ ግን የዚያ አገሩ በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ትራንስፎርመር ይጨመርበታል።

ጋራዥ የለመድነው ማሽን በአንድ ዛቢያ ብቻ ይሽከረከራል። ባልለመደ እጅ አንድ ቦታ ትንሽ ከቆየ ቀለሙን ያቃጥላል። ይሄኛው ፓዱን (ቀለሙን የሚያሸውን ክብ ስፖንጅ) እያሽከረከረ በትንሽ ክብም ያወዛውዘዋል፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ አይጠራቀምም። የእኔው ውዝዋዜ 8 ሚሊሜትር ነው። ባለ 15 እና ባለ 21ም አሉ፣ ሰፊ ቦታ ቶሎ ይጨርሳሉ። እንደ ቪትዝ ላለ ትንሽና ጠመዝማዛው ለበዛ መኪና ግን 8ቱን እመርጣለሁ።

ይህ ዓይነቱ ማሽን አንድ አመል አለው። ከተጫኑት ወይም ካዘነበሉት ፓዱ መዞሩን ያቆምና መንቀጥቀጡ ብቻ ይቀራል። ሞተሩ ግን ስለሚጮህ እየሠራ ይመስላል። መላው ቀላል ነው፦ የፓዱ መያዣ ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ሲዞር ካያችሁ ጥሩ፤ ከቆመ እጃችሁን ቀለል አድርጉ። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

አሠራሩ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። መኪናው በደንብ ይታጠባል፣ ጥቁር ፕላስቲኩ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ከዚያ ሃምሳ በሃምሳ ሴንቲሜትር ያህል ቦታ ይዞ፣ ሽምብራ የምታህል ፖሊሽ ሦስት አራት ቦታ ጠብ አድርጎ፣ የማሽኑን የፍጥነት ቁጥር 1 ላይ አድርጎ ማዳረስ። ቀጥሎ 4 ወይም 5 ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መሄድ፣ በሰከንድ ሦስት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። የተቸኮለበት ቦታ ያብለጨልጫል እንጂ ጭረቱ አይወጣም።

አንድ ቦታ ባለቀ ቁጥር ፓዱ በብሩሽ ይጸዳል። በፖሊሽና በተፋቀ ክሊር (ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) ከተሞላ ይግላል፣ መሥራቱንም ይተዋል። አብረው የመጡት ሁለት ፓዶች ለአንድ መኪና አይበቁም። አምስት ስድስት ያስፈልጋል። ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው፦ ፓዱን የሚይዘው ቬልክሮ ከሙቀቱ የተነሳ ጠርዙ ላይ መላላት ጀምሯል። መያዣው ለብቻው ይቀየራል፣ ግን የብሎኑን ልክ ሳታውቁ እንዳታዝዙ።

ጥፍር የሚይዘው ጭረት በዚህ አይጠፋም፣ አትታገሉት። የፋብሪካው ክሊር ከአንድ የፀጉር ዘለላ የሚቀጥን ነው። ስቱኮ ተለጥፎበት እንደገና የተቀባ ቦታ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ፓዱ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ ወይ ክሊር የለውም ወይ አልቋል፤ እዚያ ጋ አቁሙ።

ኮፈኑ እስካሁን ጥሩ ነው። ለዚያ ግን ማጠቡን ራሴ ያዝኩት። ሰፈር ያሉትን ጋሽ ዘበኛ «ኧረ አይጥረጉልኝ» ማለት ከፖሊሹ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

በዓመት አንዴ ለሚሠራ ሰው ማሽኑን ከጓደኛ ጋር አዋጥቶ መግዛት ያዋጣል። ፓዱን ግን ለየብቻ ግዙ።